ለስመ ጥር የጎልፍ ሜዳ ብዙ መክፈል ያዋጣል? ከስኮትላንድ የጉዞ ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ሙሰልበራ

ከጓደኛዬ ጋር ስንከራከር የቆየነው በአንድ ነገር ነው። ስማቸው የገነነ የጎልፍ ሜዳዎች ለአንድ ዙር ጨዋታ 300 ፓውንድና ከዚያም በላይ ይጠይቃሉ። ያን ያህል መክፈል ያዋጣል ወይስ አያዋጣም? እሱ «ሣር ሣር ነው፣ ጉድጓዱም ያው ጉድጓድ ነው» ባይ ነው። እኔ ደግሞ ገንዘቡ የሚገባቸው ሜዳዎች አሉ ብዬ አምናለሁ፣ ግን የትኞቹ እንደሆኑና በምን እንደሚለዩ በደንብ ማስረዳት አቅቶኝ ነበር። ሄደን እንየው ተባባልን።

ሆን ብለን ከርካሹ ጀመርን። ሙሰልበራ ከኤድንብራ በስተምሥራቅ ናት፣ በመኪና ብዙም አትርቅም። አሮጌው ሜዳ ዘጠኝ ጉድጓድ ብቻ ነው ያለው (በጎልፍ ጉድጓድ ሲባል ከመምቻው ቦታ እስከ ጉድጓዱ ያለው ሜዳም ነው)፣ እሱም በፈረስ መሮጫ መም ተከቧል። ከሩቅ ሲያዩት ምንም አይመስልም። ነገር ግን እዚህ ጎልፍ ይጫወቱ እንደነበር የሚያሳይ የ1672 መዝገብ አለ። ዘ ኦፕን የሚባለው ታላቁ ውድድርም ከ1874 እስከ 1889 ባለው ጊዜ ስድስቴ የተካሄደው እዚሁ ሜዳ ላይ ነው። ጉድጓድ የሚቆርጡበት መሣሪያ ደግሞ ከ1829 ጀምሮ ነበራቸው። የዚያ መሣሪያ ስፋት 108 ሚሊ ሜትር ነው፣ በ1893 ሕግ ሆነ፣ ዛሬ በየትኛውም አገር ያለ የጎልፍ ጉድጓድ በዚያው ልክ ይቆረጣል።

ሂኮሪ ከሚባል እንጨት የተሠራ የድሮ ዓይነት ዱላ ተከራይተን ተጫወትን። ዘንጉ ቀጭን ነው፣ ሲወዛወዝ በመዳፍህ ውስጥ ይታወቅሃል፣ ብረቱም ከቢላ ብዙ አይሰፋም። በኃይል ከመታኸው ኳሱ ወዳሻው ይሄዳል። ቀስ ብለህ፣ ዱላው ራሱ እስኪደርስ ጠብቀህ ስትመታው ግን ድምፁ ብቻ ደስ ይላል።

ጓደኛዬ ሲወጣ «አየህ፣ ታሪክ በርካሽ ይገኛል» አለኝ። ልክ ነው። ለታሪክ ብለህ ነው የምትከፍለው ከተባለ ሙሰልበራ እያለ ሌላ ቦታ ያን ሁሉ ገንዘብ ማውጣት ትርጉም የለውም። ይህን ነጥብ ሰጠሁት።

እሁድ፣ ሴንት አንድሩስ

የሴንት አንድሩስ ከተማ ስመ ጥር ሜዳ፣ ኦልድ ኮርስ፣ እሁድ ለተጫዋች ዝግ ነው። ትልቅ ውድድር ካለ በስተቀር በየእሁዱ ሜዳው የከተማው መናፈሻ ይሆናል። ውሻ የሚያንሸራሽር አለ፣ ሕፃን በጋሪ የሚገፋ አለ፣ ስዊልከን በሚባለው ትንሽ የድንጋይ ድልድይ ላይ ፎቶ ለመነሳትማ ወረፋ ነው። አምስት ሳንቲም አይከፈልም።

ልትሄዱ ካሰባችሁ እሁድን በምንም አታሳልፉት። ብዙ ሰው ሜዳውን በቴሌቪዥን ብቻ ስለሚያውቀው ጠፍጣፋ ይመስለዋል። ስትረግጡት ሁለት ደልዳላ እርምጃ አታገኙም። ፌርዌዩ፣ ማለትም ኳስ እንዲያርፍበት የሚፈለገው አጭር ሣር፣ እብጠትና ስርጉድ ብቻ ነው። ባንከሮቹ፣ እነዚያ የአሸዋ ጉድጓዶች፣ 112 ናቸው። ብዙዎቹ ከመምቻው ቦታ አይታዩም። 14ኛው ላይ ሄል የሚባለው ባንከር ዳር ቆሜ ቁልቁል አየሁት፣ ግድግዳው ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ የተሠራውም ሣር የያዘ አፈር እንደ ጡብ ተደራርቦ ነው። አንዱ ንብርብር ከአንዱ ጋር የሚገናኝበት መስመር ይታያል። ኳስ እዚያ ውስጥ ከገባ ወደፊት መምታት ዘበት ነው፣ ወደ ጎን ወይ ወደ ኋላ ማውጣት ነው።

ይህ መሬት የከተማው ሕዝብ ነው። ነገሩ ቀላል አልነበረም። በ1552 ሊቀ ጳጳስ ጆን ሃሚልተን በፈረሙት ሰነድ ነዋሪው እዚህ የመጫወት መብቱ ተረጋገጠለት። ከዚያ በ1797 ከተማዋ ከሰረች። መሬቱ ጥንቸል በሚያረቡ ነጋዴዎች እጅ ወደቀ። ጥንቸሉ ሜዳውን ሲቆፍር ተጫዋቹ ተነሳ፣ በፍርድ ቤትም በሜዳውም ላይ ለዓመታት ተጋጩ፣ ያበቃው በ1821 ጄምስ ቺፕ የተባሉ ባለ ርስት መሬቱን ሲገዙት ነው። ከ1974 ጀምሮ ደግሞ በፓርላማ ሕግ የተቋቋመ ባለአደራ ድርጅት ያስተዳድረዋል። ትርፍ የሚከፋፈል ባለ አክሲዮን የለም፣ ገቢው እዚያው ላሉት ሰባት ሜዳዎች ይውላል። ነዋሪው ለዓመት የሚከፍለው አነስተኛ ነው። ትልቁን ገንዘብ የሚያመጣው ከውጭ የሚመጣው ተጫዋች ነው፣ በ2025 ከፍተኛ ወቅት ለአንድ ዙር 340 ፓውንድ።

ለጓደኛዬ ያልኩት ይህንን ነው፤ ከኪሴ የሚወጣው ገንዘብ የት እንደሚሄድ ሳውቅ መክፈሉ ይቀለኛል። የእኔ 340 ፓውንድ የአንዱ ሰፈር ልጅ በርካሽ እንዲጫወት ካደረገ ደስ ይለኛል። እሱ ግን አልተዋጠለትም። «ምጽዋት ከሆነ ምጽዋት በለው፣ እኔ የጠየቅሁህ ጨዋታው ያንን ያወጣል ወይ ነው» አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው።

ተራ ለማግኘት ዕጣ ውስጥ መግባት አለ። ከምትጫወትበት ቀን ሁለት ቀን ቀደም ብለህ ትመዘገባለህ፣ ቢያንስ ሁለት ሰው መሆን አለባችሁ፣ ሃንዲካፓችሁን፣ ማለትም የችሎታችሁን ደረጃ የሚለካውን ቁጥር፣ የሚያሳይ ማረጋገጫም ይፈለጋል። ብቻውን የመጣ ሰው የሚገባበት የተለየ ዕጣ አለ። ለማክሰኞ ተመዘገብን። አልወጣልንም።

ሰኞ፣ ኢሊ

ዝናብ ያዘለ ሰማይ፣ ግን አልዘነበም። ለረቡዕ ዕጣ ተመዝግበን ወደ ደቡብ ወረድን፣ በባሕሩ ዳር ወዳለችው ኢሊ።

የኢሊ የመጀመሪያው ጉድጓድ ፊት ለፊት ኮረብታ አለበት። ከኮረብታው ወዲያ ሰው ይኑር አይኑር አይታይም። ስለዚህ ተራ አስከባሪው ከቤቱ ጣራ በላይ በወጣ ፔሪስኮፕ ያያል፤ ፔሪስኮፑ ከባሕር ሰርጓጅ መርከብ የተነቀለ ነው። ሰውየው ግባና እይ ብሎ ጋበዘኝ። እጀታውን ይዤ ዞር ሳደርገው ከፊታችን የተነሱት አራት ሰዎች ከኮረብታው ማዶ ቁልጭ ብለው ታዩኝ፣ አንደኛው ጎንበስ ብሎ የጫማ ማሰሪያውን ያስራል። «አሁን ምቱ» አለን።

ፓር ማለት አንድን ጉድጓድ ለመጨረስ የተመደበው የምት ብዛት ነው። እዚህ ሜዳ ላይ ፓር 5 የሚባል የለም። አሥራ ስድስቱ ፓር 4፣ ሁለቱ ፓር 3 ናቸው። ዲዛይነር ነኝ የሚል ሰው ዛሬ እንዲህ ያለ ሜዳ ይዞ ቢመጣ ማንም አይቀበለውም። ግን ተጫወቱበትና ንገሩኝ። ንፋሱ አንድ ጊዜ ከፊት፣ አንድ ጊዜ ከጎን ይመጣል፣ ርዝመቱ ተመሳሳይ የሆነ ሁለት ጉድጓድ ፍጹም የተለያየ ዱላ ያስመርጣችኋል። የዙሩ መጨረሻ አካባቢ ባሕሩ ጥግ ላይ ስትደርሱ መጫወታችሁን ትታችሁ ዝም ብላችሁ ማየት ያምራችኋል። የከፈልነው ኦልድ ኮርስ ከሚጠይቀው ከግማሽ በታች ነበር።

ጓደኛዬ ሁለተኛ ነጥብ አስቆጠረ። ለውበትና ለደስታ ከሆነ ኢሊ ይበቃል። እውነቴን ነው፣ ስኮትላንድ ሄዳችሁ ስም ያላቸውን ሜዳዎች ብቻ እየቆጠራችሁ እንዲህ ያሉትን ካለፋችኋቸው ጉዞው ጎድሎባችኋል። እኔ ብሆን ማንም ሰው ከአንድ ውድ ሜዳ በፊት እንዲህ ያለውን ቢጫወት እመርጣለሁ። ባሕር ዳር ያለ መሬት ጠንካራ ነው፣ ኳስ ይነጥራል፣ ይንከባለላል። ይህን ሳይለምድ ውዱ ሜዳ ላይ የሚወጣ ሰው ገንዘቡን የሚጨርሰው በመደናገር ነው።

ማታ ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። ለረቡዕ ዕጣው ወጣልን። ጮህኩ።

ማክሰኞ፣ ስሙን የማልጠራው ሜዳ

ዕጣው ካልወጣልን ብለን ለማክሰኞ ከብዙ ጊዜ በፊት የያዝነው ሌላ ውድ ሜዳ ነበር። ስሙ ለዚህ ጽሑፍ አያስፈልግም። ዋጋው ከኦልድ ኮርስ ጋር የሚወዳደር ነው።

ገና መኪናችን ሳትቆም ሁለት ወጣቶች ሮጠው መጥተው ቦርሳችንን አወረዱ። ፎጣ ሰጡን። ስማችን የተጻፈበት ካርድ ተሰጠን። የውሃ ጠርሙሱ ላይ የሜዳው ምልክት አለ፣ የኳስ መለማመጃው ላይ ኳሶቹ በፒራሚድ ቅርጽ ተደርድረዋል፣ ሣሩ አንድ የደረቀ ቅጠል የለበትም። ሠራተኞቹ ጨዋ ናቸው፣ በእነሱ ምንም ቅሬታ የለኝም።

ጨዋታው ግን ሞቶብኛል። ግሪኖቹ፣ ጉድጓዱ ያለባቸው የተላጩ ቦታዎች፣ ውሃ ስለጠጡ ለስላሳ ናቸው፣ ኳስ እንዳረፈ ይቀመጣል። ስለዚህ በየጉድጓዱ የሚጠየቀው አንድ ዓይነት ምት ነው፤ ከፍ አድርገህ ወደ ባንዲራው ላከው፣ በቃ። ከፊታችን ያሉት ሰዎች በየቦታው ፎቶ ይነሳሉ፣ ሰልፉ አልንቀሳቀስ ብሎ ዙሩ ከአምስት ሰዓት በላይ ፈጀ። ስምንተኛው ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ስንጠብቅ ከጠዋት ጀምሮ የተጫወትኳቸውን ጉድጓዶች በሐሳቤ ልደረድር ሞከርኩ። አራተኛውና ስድስተኛው ተደባለቁብኝ። ኢሊን ግን ሌሊቱን አልጋዬ ላይ ሆኜ ከአንድ እስከ አሥራ ስምንት ተጫውቼዋለሁ።

የተናደድኩት በገንዘቡ ብቻ አይደለም። ያ ሁሉ ሰው ለዚህ ያጠራቀመው፣ ምናልባት አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣው ሰው፣ የሚወስደው ነገር ፎጣና ፎቶ መሆኑ ነው ያበሳጨኝ። የጎልፍ ዋጋ ደግሞ ማደጉን አላቆመም። ካሊፎርኒያ ያለው ፔብል ቢች ከ600 ዶላር አልፏል፣ አስቀድሞ ተራ ለመያዝም እዚያው ሆቴል ማደር ይጠበቃል። እዚሁ ስኮትላንድ ያለው ተርንቤሪ በ2025 በሆቴሉ ለማያርፍ ሰው የጠዋቱን ዙር 1,000 ፓውንድ አድርሶታል፣ ዘ ኦፕን እንኳ ከ2009 ወዲህ ሄዶበት አያውቅም። ዋጋ የሚወጣው በመሬቱ ጥራት ቢሆን ኖሮ እሰየው ነበር። የሚወጣው ሰው በሚከፍለው ልክ ነው፣ የሚከፍል ሰው ደግሞ አልጠፋም።

አመሻሹ ላይ ልባችንን ለማጽናናት አንስትራዘር ሄድን። ዘጠኝ ጉድጓድ፣ ቀላል ክፍያ። አምስተኛው፣ ሮኪስ የሚሉት፣ ፓር 3 ነው፣ በብሪታንያ ከባዱ ፓር 3 የሚል ስም የወጣለት። በአንድ ጎን ገደል፣ በሌላው ዓለትና ባሕር። ጓደኛዬ እዚያ ላይ የመታውን አንድ ምት እስከ እንቅልፉ ድረስ ሲያወራ አመሸ።

ረቡዕ፣ ኦልድ ኮርስ

የመጀመሪያው መምቻ ቦታ ላይ ሰው ሁሉ ይፈራል። ከኋላ የክለብ ቤቱ መስኮት አለ፣ በአጥሩ ዳር መንገደኛ ቆሞ ያያል። ግን ፊት ለፊት ያለው ፌርዌይ ከ18ኛው ጋር የተጋራ ነው፣ ስፋቱ ጉድ ነው። ካዲያችን፣ ዱላ ተሸክሞ መንገድ የሚመራን ሰውዬ፣ ዕድሜው የገፋ ነበር። «ይሄ ከሁሉ ቀላሉ ነው፣ ተንፍስና ምታ» አለኝ። ለካዲ መክፈል ሌላ ወጪ ነው። እዚህ ሜዳ ላይ ግን ከዋጋው ጋር ደምራችሁ ቁጠሩት፣ ያለ እሱ ግማሹ አይገባችሁም።

ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን እንዳለፍን ነገሩ ይገለጥላችኋል። አሥራ አራቱ ጉድጓዶች ግሪናቸውን ሁለት ሁለት ሆነው ይጋራሉ። ሁለተኛው ከ16ኛው፣ ሦስተኛው ከ15ኛው፣ እንዲህ እያለ ሁሌም ድምሩ 18 ነው። ግሪኖቹ በዚህ ምክንያት ሰፊ ናቸው። አምስተኛው ላይ ኳሴ ግሪኑ ላይ አረፈ፣ ጥሩ መትቻለሁ ብዬ ስቀርብ ባንዲራው ከእኔ ሠላሳ ሜትር በላይ ይርቃል። በመሃል ሁለት እብጠት አለ። ካዲው ዱላውን ዘርግቶ ከባንዲራው በስተግራ ብዙ ርቃ ያለች ጠቆር ያለች ሣር አሳየኝ። «እሷ ላይ ቀስ ብላ ትድረስ፣ ከዚያ ራሷ ታውቃለች።» መታሁ። ኳሷ የመጀመሪያውን እብጠት ወጣች፣ ቆመች ስል ዞራ ወረደች፣ በጎን ተንከባለለች፣ ከጉድጓዱ አንድ ክንድ ላይ ቆመች። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ፑት፣ ማለትም ግሪን ላይ ኳስ የሚንከባለልበት ምት፣ መትቼ አላውቅም፣ እንዲህ ያለ ፑት መኖሩንም አላውቅም ነበር።

የምለው ይህንኑ ነው። የመሬቱ አቀማመጥ ጥያቄ ይጠይቃል። በቀኝ በኩል ብትመታ ግሪኑ ይከፈትልሃል፣ ግን በቀኝ እሾሃማ ቁጥቋጦ አለ። በግራ ሰፊ ነው፣ ግን ከግራ የሚቀጥለው ምት በባንከር አናት ላይ ነው። ማንም ይህን አታድርግ አይልህም፣ ሁሉም መንገድ ክፍት ነው፣ ሁሉም ዋጋ አለው። ነፋሱ ሲዞር ደግሞ መልሱ ይለወጣል። ይህ ሜዳ በአንድ ሰው ወረቀት ላይ ተነድፎ አልወጣም፣ ሰዎች ለዘመናት እየተጫወቱ፣ እየጨመሩና እየቀነሱ እዚህ አደረሱት። 22 ጉድጓድ የነበረው ዙር 18 የሆነው በ1764 ነው፣ ዓለምም ያንን ተከተለ።

17ኛው፣ ሮድ ሆል፣ ከመምቻው ስትነሳ አጠገቡ ካለው ሆቴል አረንጓዴ መጋዘን በላይ ኳሱን ወደማታየው ቦታ ትልከዋለህ። ካዲው መጋዘኑ ላይ ከተጻፈው ፊደል አንዱን መርጦ «በዚህ ላይ» ይልሃል፣ ታምነዋለህ። ግሪኑ ጠባብና ሰያፍ ነው፣ ከፊቱ ጥልቅ ባንከር፣ ከኋላው የመኪና መንገድና የድንጋይ አጥር። ኳስ መንገዱ ላይ ካረፈ ከመንገዱ ላይ ትመታለህ፣ ነጻ ማንሳት የለም። ጓደኛዬ እዚያ ደረሰ። አስፋልቱ ላይ ቆሞ፣ ጀርባውን ለአጥሩ ሰጥቶ፣ ዱላ ቀያይሮ፣ መጨረሻ ላይ ፑተሩን፣ ኳስ ለማንከባለል የሚሆነውን ዱላ፣ መረጠ። ኳሱን ዳገቱ ላይ አንከባሎ ግሪኑ ላይ አወጣው። ሰባት መትቶ ጨረሰ፣ ፊቱ ግን አንድ ትልቅ ነገር እንዳሸነፈ ሰው ነበር።

የፈጀብን አራት ሰዓት ገደማ ነው። ስንወጣ የምታችንን ቁጥር ማንም አልጠየቀም። «እሺ» አለኝ ጓደኛዬ፣ «ይሄ ያወጣል።» ወዲያው ግን «አንዴ» ብሎ ጨመረ። እኔ ሁለቴም እከፍላለሁ፣ ለሁለተኛው ግን ዓመታት ብቆጥብ አይከፋኝም። በቀዝቃዛዎቹ ወራት ዋጋው በጣም ይወርዳል፣ ሆኖም ሣሩን ለማዳን ሲባል ፌርዌይ ላይ ኳሱን ከትንሽ ምንጣፍ ላይ ነው የሚያስመቱት። ያን ጊዜ የሄደ ሰው ጥያቄዎቹን በከፊል ያጣቸዋል፣ ስለዚህ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚሄድ ከሆነ ባይመርጠው እላለሁ።

ገና ጀማሪ ለሆነስ? አሁን አትክፈል። ኳሱን ወዳሰብከው አቅጣጫ መላክ ሳትችል የሜዳው ጥያቄ አይደርስህም። እዚያው ሴንት አንድሩስ ባልጎቭ የሚባል ዘጠኝ ጉድጓድ ያለው ሜዳ አለ፣ ለልጅና ለጀማሪ የተሠራ። በ1895 የተከፈተው ኒው ኮርስም ከኦልድ ኮርስ አጠገብ፣ በዚያው አፈር ላይ ነው፣ ዋጋው በጣም ያንሳል።

ሐሙስ፣ ኖርዝ በሪክ

ወደ ኤድንብራ ስንመለስ በምሥራቁ ዳርቻ ኖርዝ በሪክ ላይ የመጨረሻውን ዙር ተጫወትን። ርካሽ አይደለም፣ ግን ከኦልድ ኮርስ ያንሳል።

13ኛው ግሪን ፊት ለፊት የድንጋይ አጥር አለበት፣ በትክክል ግሪኑን ተደግፎ። አጥሩ የቆየ ነው፣ ሜዳው ሲሠራ ሳይፈርስ ቀረ፣ ስለዚህ በላዩ ማሳለፍ አለብህ። 15ኛው ሬዳን ይባላል፣ ፓር 3 ነው። ግሪኑ ከአንተ እየሸሸ ወደ ግራ ያዘቀዝቃል፣ ባንዲራው ላይ ብታነጣጥር ኳሱ ሾልኮ ይሄዳል፣ ስለዚህ በቀኝ ትከሻው ላይ ጥለህ እንዲንከባለል ትተወዋለህ። በዓለም ላይ ብዙ የሜዳ ነዳፊዎች ይህን ጉድጓድ ቀድተውታል። የቀዱትን ተጫውቻለሁ። ከምንጩ ስትጫወተው ግን ነፋሱ ከባሕሩ ሲመጣ ኳሱን ለምን ወደዚያ ትከሻ እንደሚገፋው ትረዳለህ።

በመንገዳችን ላይ ሙርፊልድን በአጥሩ በኩል አይተነው ነበር። የጎልፍን ሕግ በ1744 የጻፈው ማኅበር ሜዳ ነው፣ እንግዳ የሚቀበለው ማክሰኞና ሐሙስ ነው። ሴት አባላትን የተቀበለው በጣም ዘግይቶ በ2019 ነው፣ ይህ እስኪሆን ድረስ አንድ ፓውንድ አልሰጣቸውም ብዬ ነበር። አሁን ግን አንድ ነገር ይስበኛል። የመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ጉድጓዶች በውጭ በኩል በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ይዞራሉ፣ የቀሩት ዘጠኝ በውስጥ በኩል በተቃራኒው። ስለዚህ ነፋሱ በየጉድጓዱ ከሌላ ጎን ይመጣል። ይህ የመሬት ጥያቄ ነው፣ በፎጣና በተደረደረ ኳስ የሚገኝ አይደለም።

ጓደኛዬን «ለሚቀጥለው ለሙርፊልድ እናጠራቅም?» አልኩት።

«በዚያ ዋጋ ኢሊን ስንቴ እንደምንጫወት አስልተህ ንገረኝ» አለ፣ ዱላዎቹን መኪናው ውስጥ እያስገባ።

አስላሁለት። መልስ አልሰጠኝም፣ ግን ሐሙስ ቀን ከሥራ ፈቃድ ማግኘት እችል እንደሆነ ጠይቄያለሁ አለኝ።